ልጄን ላመጣ ወደ ፃግብጂ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰቆጣን በካርታ ላይ አስተምሬያለሁ። ዱላዬን ከወልድያ በላይ አሳርፌ «ይኸውላችሁ ዋግ ኽምራ፣ ተከዜም በዚህ በኩል ያልፋል» እላለሁ፤ ተማሪ ይጽፋል፤ እኔም አገሩን የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ሞት ይርሳኝና፣ ምንም አላውቅም ነበር። ባለፈው ጥር በእግሬ ረግጬ አየሁት። የደብረ ብርሃን ጎረቤቶቼ አብዛኞቻችሁ ያንን መንገድ እንደማትሄዱት አውቃለሁ። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ ልንገራችሁ፣ ሳላሳምር።

የሄድኩት የልጄን አጽም ላፈልስ ነው። ደጀኔ አንድ ልጄ ነው። ጦርነቱ የመጣ ጊዜ በመስከረም ዘመተ፤ የሸኘሁትም እኔው ነኝ። ሕዝብ በተሰበሰበበት ሜዳ ማይክሮፎኑን ተቀብዬ «ልጄ! ጀርባህን አሳይተህ እንዳትመጣ!» አልኩት። እልልታው ቀለጠ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ጉልበቴን ሳመኝ። በታኅሣሥ መርዶ መጣ፤ ኅዳር ላይ ወደቀ አሉኝ። በጥር ተዝካሩን አውጥቼ ሰፈሩን አበላሁ፤ በደብራችን ግቢም ከሥሩ ማንም ያልተኛበት ሐውልት አሠራሁ። «ለአገሩ የወደቀ ጀግና» ይላል ድንጋዩ።

ሦስት ዓመት አልፎ ዘንድሮ ልደት በዋለ በሳምንቱ ስልኬ ጮኸ። «መምህርት የሺእመቤት ነዎት? እኔ የፃግብጂ ቄስ ነኝ። ልጅዎ ደጀኔ እኛ ዘንድ ነው ያረፈው። የስልክ ቁጥርዎን ያገኘነው ገና አሁን ነው። ይምጡ» አሉኝ፤ ወዲያው መስመሩ ተቆረጠ።

ረቡዕ

ታናሽ ወንድሜ ጌታቸው አናጢ ነው። ለአጽሙ የጽድ ሣጥን ሠርቶ፣ በዘይት ወልውሎ ይዞ መጣ። እኔ ደግሞ አጽሙን የምጠቀልልበትን ባንዲራ በሻንጣዬ አጥፌ ያዝኩ። ዕድርተኛው በሚቀጥለው ረቡዕ ድንኳን ተክሎ ሊቀበለን ተስማማ።

መናኸሪያ ስንደርስ ረዳቱ ሣጥኑን አየና «እናት፣ ዶሮ ነው ዕቃ? ወደ ላይ ይውጣ!» አለኝ። «ምላስህን ሰብስብ!» ብዬ ጮኽኩበት። ምን እንደሆነ ጌታቸው በጆሮው ሲነግረው ልጁ ክው አለ፤ ከዚያ ሣጥኑን ከራሱ ወንበር ሥር አስገባልንና እስከ ወልድያ ድረስ ቆሞ ሄደ። እኔም በመጮኼ አፈርኩ። አመሌ ነው፤ አስተማሪነት ጉሮሮን ያበላሻል።

ጣርማ በርን አልፈን ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ካፖርቴን አወለቅሁ፤ ከሚሴ ላይ ሹራቤን። ጌታቸው «ወልድያ ስንደርስ ምን ይቀርሻል?» ብሎ አሳቀኝ። ምሳችን በያይነቱ ነበር። ከአራት ወንበር በኋላ የተቀመጠች አንዲት ሴትዮ ለመንገዷ የያዘችውን ዳቦ ቆርሳ «ለሐዘንተኛዋ» ብላ ላከችልኝ። ማን እንደነገራት አላውቅም።

ሐሙስ

ከወልድያ በጋሸና አድርገን ላሊበላ ገባን፤ ከዚያ በሚኒባስ ወደ ሰቆጣ። እኛ አገር ሜዳ ነው፤ ዓይን ባሕር ዛፍ ላይ ደርሶ ይመለሳል። እዚህ ግን ተራራው አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቧል፣ መንገዱም ጠጠር ነው። ጋዝጊብላ ላይ ጎማችን ፈነዳ።

የገበያ ቀን ነበርና መንገዱ በእግረኛ ተሞልቷል። ጎማው እስኪቀየር ድንጋይ ላይ ብንቀመጥ ሰዎች ከበቡን። አንድ ሽማግሌ «ሣጥኑ ምን ይዟል?» አሉ። ጌታቸው «ባዶ ነው» ሲላቸው «ባዶ ሣጥን ተሸክሞ ጋዝጊብላ የሚመጣ ሰው ገና ዛሬ አየሁ!» ብለው ሳቁ። እኔ ግን እውነቱን ነገርኳቸው፦ «የልጄን አጽም ልወስድበት ነው። በጦርነቱ ወድቆ።»

ሳቁ ቆመ፣ ባርኔጣው ሁሉ ወረደ። «ነፍስ ይማር» አሉ። አንዲት ሴት ገበያ ልትሸጠው ከተሸከመችው ጠላ በጣሳ ቀድታ አጠጣችን። እኔ የምጠብቀው ሌላ ነበር፤ «ከየትኛው ወገን ነበር?» ብለው ሊጠይቁኝ ነው ብዬ መልሴን አሰናድቼ ነበር፣ በኩራት። ማንም አልጠየቀኝም! እኛ ሰፈር መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ይህ እስከ ሰቆጣ ድረስ ሲገርመኝ ሄደ።

ሰቆጣ ያደርንበት ቤት ውሃው በጀሪካን ነው። ባለቤቷ እጄን ስታስታጥበኝ ጀሪካኗን አላስቀመጠችም፤ ከውሃው ለሌላ እንግዳ ማስቀረት አለባት ብዬ «ይበቃኛል» ብላት «ከሩቅ መጥተው እኮ ነው» አለችና ፊቴንም አስታጠበችኝ። ደብረ ብርሃን ቧንቧ ሲጠፋ ስንሳደብ እንውላለን።

ዓርብ

በአይሱዙ ጋቢና ተጨናንቀን ወደ ፃግብጂ ሄድን። መኪናው የሚቆምበት ቦታ አንድ ቀጭን ሽማግሌ በቅሎ ይዞ ይጠብቀናል። አያ ኪሮስ ይባላል፤ ልጄን የቀበረው እሱ መሆኑን ቄሱ የመምጫዬን ቀን ሊጠይቁ መልሰው የደወሉ ጊዜ ነግረውኝ ነበር። ቁና ቁና እየተነፈስኩ ስወርድ ሳመኝ፤ ፊቴን ትክ ብሎ አየ።

«ግንባሩ የእርስዎ ነው» አለ።

በጦር ሜዳ ላይ የወደቀ ሬሳ ግንባር እንዴት ሦስት ዓመት ይታወሳል ብዬ አሰብኩ። ግን ወዲያው ረሳሁት፤ ምክንያቱም የጫማዬ ሶል ተገንጥሎ ተንጠለጠለ። ቁልቁለቱ ለበቅሎም ስለሚያስፈራ በእግር መውረድ ነበረብኝ። አያ ኪሮስ ከእግሩ በረባሶውን አውልቆ ሰጠኝ፣ የጎማ ጫማውን። «እርስዎስ?» ብለው «እኔ ድንጋዩን አውቀዋለሁ» አለና በባዶ እግሩ ከፊቴ ወረደ። በረባሶው ልክክ አለልኝ። ሁለት ሰዓት ሄድንበት።

ቤታቸው የድንጋይ ነው፣ ግቢው ተጠርጎ። ሚስቱ ለተኪዳን በር ላይ ቆማ ነበር፤ የእኔ እኩያ ናት። ገና ስታየኝ ወገቧን ይዛ «ልጄን! ልጄን!» እያለች ታለቅስ ጀመር። እውነቱን ልናገር? ተናደድኩ። ለቅሶ ማገዝ ሌላ፣ የሰው ልጅ «ልጄ» ማለት ሌላ። ደግሞስ በኽምጣኛ የምታወርደውን ሙሾ ሳልረዳው በራሴ ሐዘን እንግዳ መሆኔ ከነከነኝ። እሷ ግን ተንበርክካ እግሬን በሞቀ ውሃ አጠበችኝ፤ የተላጠውን ቦታ እየዘለለች።

በዘጠኝ ሰዓት ከጾሙ ስንወጣ የማሽላ እንጀራ በሽሮ ቀረበልን፤ ቀጥሎም ነጭ ማር፣ ቅቤ የሚመስል። ጌታቸው ጣቱን እየላሰ «ይሄንን ጥሎ የተሰደደ ሰው አለ?» አለ። አያ ኪሮስ «አለ። አንድ ልጃችን ባሕር ተሻግሮ ከሄደ ስምንት ዓመቱ። ድምፁን አልሰማንም» አለው። ጌታቸው አንገቱን ደፋ። ለተኪዳን ማሩን አልነካችም። «አንቺስ?» ብላት «ደጀኔ ካረፈ ወዲህ ማር ወደ አፌ አላስጠጋሁም» አለችኝ። ምን አገናኘው? አልጠየቅሁም፤ ደክሞኝ ነበር።

ቅዳሜ

ጠዋት የደወሉልኝ ቄስ ተካ መጡ። ከግድግዳው ሥር ባለው የድንጋይ መደብ ላይ ተቀመጥን። ለደብራችን የማቀርበውን ወረቀት ልሞላ ማስታወሻዬን አወጣሁ።

«አባ፣ ኅዳር ስንት ቀን ነው የቀበራችሁት?»

«ኅዳር?» አሉ ቄሱ። «ነሐሴ ነው እንጂ፤ በፍልሰታ ጾም። ፍትሐቱን ያደረስኩት እኔ ነኝ።»

«ተሳስተዋል። መርዶው በታኅሣሥ ደርሶኛል። በጥር ተዝካሩን አውጥቻለሁ።»

ሦስቱም ተያዩ። ለተኪዳን ቀስ ብላ «በጥር?» አለች። «በጥር እኮ ማሽላ ይወቃ ነበር። ከዚያ አውድማ ላይ።» በእጇ አሳየችኝ። ከቤቱ በታች የተለቀለቀ ክብ አውድማ ነው።

እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ። እግዚኦ! ድንኳን ተክዬ፣ ወጥ አሠርቼ፣ «ነፍሱን ይማር» እየተባልኩ እጅ በምነሣበት በዚያ ቀን ልጄ በሕይወት አለ። እዚህ! በሬ እየነዳ! ጌታቸው «ምን? ምን አልሽ?» እያለ ሦስቴ ጠየቃት።

አያ ኪሮስ ነገረን። በጥቅምት መጨረሻ አንድ ጠዋት ደጀኔ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ፣ ጠመንጃ ሳይዝ ግቢያቸው ገባ። ውሃ ለመነ። «አንድ ሰው ገደልኩ። ሁለተኛ አልችልም» አላቸው። ልብሱን ጠቅልሎ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ከተተና ጭቃ መረገበት። ባለፈው ታኅሣሥ ግድግዳው ሲታደስ ነው የተገኘው፤ የስልክ ቁጥሬም በኪሱ ነበር።

«ከዚያማ የታጠቁ ሰዎች በየቤቱ እየገቡ ጎረምሳውን ‹ይሄ የማን ልጅ ነው?› ይሉ ጀመር» አለ። «ጎረቤት ሁሉ ‹የኛ ነው ብላችሁ ማሉ› አለን። እሷ እምቢ አለች።»

«በሐሰት አልምልም» አለች ለተኪዳን። «ልጁንም አልሰጥም፣ በሐሰትም አልምልም። ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም።»

ቄሱ ቀጠሉ፦ «እኔ ዘንድ መጣች። የአባቶች ወግ አለን፤ ያልወለዱትን የጡት ልጅ ማድረግ። በሦስት ሽማግሌ ፊት አውራ ጣቷን ማር ነክራ አጠባችው። ሕፃን እንደሚጠባ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልጇ ነው፤ ይወርሳታል፣ ይቀብራታል።»

«ሰዎቹ ሲመጡ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሜ ‹ልጄ ነው› ብዬ ማልኩ» አለች። «ውሸት አልማልኩም።»

እኔ «እግዚአብሔርና አገር» የሚለውን ቃል በየንግግሬ እንደ ጨው የምነሰንስ ሰው ነኝ። ይህች ሴት አንዲት መሐላ እንዳታበላሽ ብላ እናት ሆነች። ይህን ያሰብኩት ግን በኋላ ነው። የዚያን ሰዓት የያዘኝ ንዴት ነው። ተነሥቼ «አሥር ወር! አሥር ወር ደብቃችሁት! ልጄን ከዳተኛ አድርጋችሁ!» ብዬ ጮኽኩ። «ለምን አልላከብኝም? ለምን ‹አለሁ› አላለኝም?»

ጌታቸው «የሺ፣ ተይ!» ይለኛል። አያ ኪሮስ መሬት መሬት እያየ መለሰልኝ።

«ወልድያ የሚወርድ ነጋዴ ደብዳቤ ላድርስልህ ብሎት ነበር። ጽፎ ቀደደው። ‹እናቴ ጀርባህን አሳይተህ እንዳትመጣ ብላኛለች› አለን።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ስንት ተማሪ በዚህ ተረት ቀጥቻለሁ! ወደ አውድማው ወርጄ ተቀመጥኩ። ልጄ ታዛዥ ነበር። እንዳትመጣ ብዬው አልመጣም።

ጥቂት ቆይታ ለተኪዳን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ስለ ስድቤ አንድም ቃል አላነሣችም። ትልሙ ጠማማ እንደነበር፣ በሬዎቹን እንደ ሰው «እባካችሁ» እያለ እንደሚለምናቸው ነገረችኝ። ሳቅሁ፤ እሱው ነው! ያ በረባሶም እሱ ለአያ ኪሮስ ከአሮጌ ጎማ የቆረጠው ነው አለችኝ። በነሐሴ ፍየል ሊያመጣ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰ። መድኃኒት የለም። መንደርተኛው በቃሬዛ ተሸክሞት ወደ ሰቆጣ ሲወጣ መንገድ ላይ አረፈ።

«ምን አለ?» አልኳት።

«‹እማ› አለ።» ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «የትኛችንን እንደጠራ ግን አላውቅም።»

ያኔ ነው ከመርዶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደጀኔን፣ ልጄን ያለቀስኩት። እስከዚያ ድረስ ሳለቅስ የኖርኩት ዘማቹን ነበር።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ አያ ኪሮስ ዶማውን ይዞ መቃብሩ አጠገብ ቆመ። መቃብሩ ክምር ድንጋይ ነው፤ ስም የለውም፤ ዙሪያው ግን ተጠርጓል፤ ማን እንደሚጠርገው አይጠፋኝም። ጌታቸው ሣጥኑን ከፈተ። የአገሩ ወግ እንዲህ ነው፦ አጽም የሚያፈልስ ዘመድ አስቀድሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ የሟቹን የክርስትና ስም ይጠራል፤ የእሱ ምን እንደሆነም ይምላል።

ለተኪዳን ገለል ብላ ቆማ ነበር። ወደ እኔ መጣችና «ውሰጂው። የአንቺ ሆድ ነው የተሸከመው» አለችኝ። «አንድ ነገር ብቻ። እዚያ ስታሳርፊው ቀኑን ላኪብኝ፤ እኔም እዚህ ጧፍ አበራለሁ።» ሌላ አልጠየቀችም። እኔ ብሆን ኖሮ መቃብሩ ላይ ተኝቼ እጮህ ነበር።

ደጁ ላይ ቆምኩ፤ እጄን መቃኑ ላይ አደረግሁ። ቄሱ «ስሙ ማነው?» አሉኝ።

«ወልደ ሥላሴ።»

«ምንሽ ነው?»

«ልጄ ነው» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ደነገጥኩ። ይህችው ቦታ ናት፤ ይህችው ቃል ናት። እሷ እዚህ ቆማ ስትምል ልታኖረው ነበር። እኔ ማይክሮፎን ይዤ ስናገር ግን ሕዝቡን ነበር የማየው፤ የልጄን ዓይን አላየሁም። አሁንም ዕድርተኛ ድንኳን ተክሎ ይጠብቀኛል፣ ሐውልቱ ይጠብቀኛል። ባንዲራው ተዘርግቶ ሰዉ እልል ሊል ነው! ከሸሸው ሰልፍ ላይ መልሼ አጽሙን ላሰልፍ?

«አያ ኪሮስ፣ ዶማውን ያስቀምጡት» አልኩ። «አትቆፍሩ።»

ጌታቸው ጮኸ። «የሺ! ምን ሆነሻል? ይህን ሁሉ መንገድ መጥተን? ሣጥኑስ? ድንኳኑስ?»

«አንዴ በሕዝብ ፊት አዝዤው ሄዷል። ሁለተኛ አላዘውም። እዚሁ ይተኛ።»

ለተኪዳን ነገሩ የገባት ቆይቶ ነው፤ አያ ኪሮስ በኽምጣኛ ደገመላት። እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዝኳት፤ ሁለታችንም እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥን። እንዴት እንዳለቀስን አልጽፈውም። ቄሱ «በቃ፣ እሑድ ነው፣ በእሑድ ይህን ያህል አይለቀስም» ብለው ተቆጡን፤ የራሳቸውን ዓይን እየጠረጉ።

ቤት ስንመለስ ማሩን አምጪ አልኳት። «አልበላም» አለች። «እኔ ሦስት ዓመት ከልጄ ጾሜያለሁ፤ ይበቃናል» ብዬ አስቀድሜ ቀመስኩና አቀረብኩላት። በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ላሰች። አያ ኪሮስ ወደ ውጭ ወጣ።

ሣጥኑን ለቤተ ክርስቲያኑ የመጻሕፍት ማኖሪያ እንዲሆን ሰጠነው። ባንዲራውን ግን እንደታጠፈ መልሼ ያዝኩ። አገሬን ጥዬ አልመጣሁም፤ አሁንም እወዳታለሁ። ደግሞ ልጄን የሸሸገችው ይህችው አገር አይደለችም? ከእንግዲህ ግን በእሷ ስም በሰው ልጅ ላይ አልጮኽም።

ከሰኞ እስከ ረቡዕ

መመለሻው ፈጠነብን። ለተኪዳን እስከ መኪናው ድረስ በእግሯ ሸኘችኝ፤ የማር ቅል አሸከመችኝ። ጫማዬ ተሰፍቶልኝ ስለነበር በረባሶውን ለአያ ኪሮስ መለስኩለት። ለራሴ ባስቀረው እንዴት ደስ ባለኝ! ግን እሱም የልጁ መታሰቢያ ነው። ጌታቸው እስከ ደሴ አኩርፎ አላናገረኝም። ኮምቦልቻ ላይ «ሣጥኑ ግን ያምር ነበር፣ አይደል?» አለኝ። «ያምር ነበር፣ ወንድሜ» አልኩት። ታረቅን።

ረቡዕ ከሰዓት ሰፈራችን ስንደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። ነጠላ ያደገደገ ሰው ከበር እስከ አስፋልቱ ተሰልፏል፤ እልልታ የሚያወጡት ሴቶችም ከፊት ናቸው። ከታክሲው ወረድኩ። በእጄ ቅል ብቻ ነው። የዕድሩ ዳኛ አቶ በለጠ ከኋላዬ ሣጥኑን ሲፈልጉ አየኋቸው።

«የሺ፣ አጽሙስ?»

«እናቱ ዘንድ ተውኩት።»

ሐዘኑ አእምሮዋን ነካው ብለው ሳይሆን አይቀርም፣ ክንዴን ያዙኝ። «እናቱ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«እኔም ነኝ» አልኳቸው። «ግቡና ተቀመጡ። በጥር የልጄን ተዝካር ስትበሉ እሱ ምን ይሠራ እንደነበር ልንገራችሁ።»